ባሮ ዳር የቀሩት ቤቶች ዶዘር ሳይደርስባቸው ይመዝገቡ

ለጋምቤላ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ለጋምቤላ ከተማ አስተዳደር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ለከተማው ነዋሪ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የወደቡን ዘመን ቤቶችና መጋዘኖች ስለመመዝገብ

ክቡራን፣

ጥያቄዬ አጭር ነው። ጋምቤላ በባሮ ወንዝ የመርከብ ወደብ በነበረችበት ዘመን የተሠሩት፣ ባሮ ዳር ቆመው የቀሩት ቤቶችና መጋዘኖች ሳይፈርሱ ይመዝገቡ። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገብቼ ማኅተም ማስመታት እችል ነበር። ግን የምጠይቀው ነገር ቢሮ ውስጥ ተጀምሮ ቢሮ ውስጥ የሚያልቅ አይደለም። በቤቶቹ የሚኖሩት ሰዎች፣ ሳጥን ውስጥ አሮጌ ፎቶ ያስቀመጡት እናቶች፣ ወሬውን የሚያውቁት ሽማግሌዎችም እንዲሰሙት ስለፈለግሁ በአደባባይ ጻፍኩት።

ከውሉ ልጀምር። አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) የተፈራረሙትን ውል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። የዓባይ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንቀጽ 3 ይጠቀሳል። በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚለው ነው። ቴሌቪዥኑም ፌስቡኩም ስንት ዓመት ተከራከረበት! አንድ አንቀጽ ወረድ ያለ ሰው ግን ብዙ አላየሁም። አንቀጽ 4 የእኛ ነው። ኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማያልፍ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ይሰጣል ይላል። አገልግሎቱ የንግድ ጣቢያ ብቻ ነው። ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል ተጽፏል። ኪራዩ የሚቆየውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው።

ኢታንግ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ ጣቢያው ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ የጀጀቤ ወንዝ ከባሮ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተቆረቆረ። መሬቱ በእርግጥ ባዶ አልነበረም፤ አኙዋኮች ከማንም ውል በፊት ባሮን ይዘው ኖረዋል። የዛሬዋ ከተማ ግን የተሰባሰበችው በዚያ የኪራይ መሬት ዙሪያ ነው።

በነገራችን ላይ እንፋሎት ባሮን ያየው ከውሉም ቀደም ብሎ ነው። ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ማርሻን በነጭ ዓባይ ዳር ባለችው ፋሾዳ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ተፋጥጦ በ1891 ዓ.ም. ቦታውን ሲለቅ በሶባትና በባሮ በኩል ወጥቶ በጎሬ አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። «ፌዴርብ» የምትባለውን ትንሽ የእንፋሎት ጀልባውን አፍሪካን አቋርጦ፣ ውኃ በሌለበት እየፈታ አሸክሞ ነበር ያመጣት። ከዚህ በላይ መሄድ ሲያቅታት ባሮ ላይ ትቷት ሄደ።

የባሮ ንግድ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለማያውቀው ወጣት ትንሽ ላስረዳ። መርከቦቹ ከካርቱም ተነስተው ነጭ ዓባይን ሽቅብ ይይዛሉ። ማላካልን ጥቂት አልፈው ወደ ሶባት ይታጠፋሉ። ከዚያ ባሮን ይዘው ጋምቤላ ይደርሳሉ። መንገዱ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሽቅብ ሲመጡ 11 ቀን፣ ቁልቁል ሲመለሱ 7 ቀን ገደማ ይፈጅባቸው ነበር። መርከቧ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፤ ውኃው ቢያንስም እንድትንሳፈፍ። መቅዘፊያ ጎማዋ ከኋላ ነው። ጭነቱ አብዛኛው እሷ ላይ አይወጣም፤ ከጎንና ከጎኗ በታሰሩ ተጎታች ጀልባዎች ላይ ነው የሚጫነው። የምትበላው እንጨት ነው። በወንዙ ዳር በየቦታው እንጨት ተቆርጦ ተከምሮ ይጠብቃታል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው በክረምት ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ባሮ ይሞላል፤ ያኔ ጋምቤላ ወደብ ናት። በጋ ሲገባ ወንዙ ይወርዳል፣ አሸዋው ብቅ ይላል። ካፒቴኑ አንድ ጭነት ልጨምር ብሎ ከዘገየ መርከቧ አሸዋ ላይ ተቀምጣ የሚቀጥለውን ክረምት ትጠብቃለች። የከተማዋ ዓመት የሚቆጠረውም በዚሁ ነበር። ሌላው ኢትዮጵያዊ ክረምት ሲመጣ ቤቱ ይከተታል፤ ጋምቤላ ግን ገበያዋ የሚደምቀው፣ ሥራው የሚጦፈው፣ ብድር የሚከፈለው፣ ሠርግ የሚደገሰው ዝናብ ሲወርድ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ዓይነት ከተማ አገራችን ውስጥ ሌላ የለም።

የሚወጣው ዕቃ በዋናነት ቡና ነበር። ከጎሬ፣ ከሳዮ (ከዛሬው ደምቢዶሎ)፣ ከወለጋና ከኢሉባቦር ገጠር የሚመጣ ቡና። ሰምና ቆዳም ነበረበት። የሚገባው ጨው፣ አቡጀዲ፣ ሌላም የሱቅ ሸቀጥ ነው። ከደጋው እስከ ቡሬ በቅሎ ትሠራለች። ከቡሬ ቁልቁል ቆላው ሲጀምር ግን የገንዲ በሽታ አለ፤ ከብቱን ይፈጃል። ስለዚህ ያንን ገደል ብዙውን ቡና ያወረደው፣ ጨውንም ሽቅብ ያወጣው የሰው ትከሻ ነው። ስለ ጋምቤላ ወደብ ሲወራ የግሪኩ ነጋዴና የእንግሊዙ ሹም ስም ይነሳል። የተሸካሚው ስም አይነሳም። በመዝገብም ያለ አይመስለኝም።

ነጋዴዎቹ ብዙ ዓይነት ነበሩ። ግሪኮች፣ ሶርያውያን፣ አርመኖች፣ የሱዳን ዓረቦች። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው የሱዳን መንግሥት ሹም ነው፤ ፖሊሱም ጸሐፊውም ከዚያው ይመጣል። ፖስታ ቤቱም የሱዳን ነበር። ከጋምቤላ የተላከ ደብዳቤ የሱዳን ቴምብር ይለጠፍበታል፣ በግመል የሚጋልበው ፖስተኛ ያለበት። ቴምብር ሰብሳቢዎች ዛሬም «ጋምቤላ» የሚል ማኅተም ያረፈበትን ፖስታ እያሳደዱ ይገዛሉ። እኛ ፖስታ ቤቱ የትኛው እንደነበር ለልጆቻችን የሚነግር ሰሌዳ እንኳ አልሰቀልንም።

አያቴ እዚያ ወደብ ሚዛን ላይ ይሠሩ ነበር። ከጎሬ ወርደው ለአንድ ክረምት ብለው መጡ፤ አገቡ፣ ወለዱ፣ ቀሩ። እማማ እንደምትለው መርከብ ከሩቅ ጡሩንባ ስትነፋ እንጀራ ምጣድ ላይ ጥሎ የሚሮጥ ሰው ነበር። አንዱ የሚሮጠው ለሥራ ነው። ሌላው ዘመድ ለመቀበል ነው። ዝም ብሎ ለማየት የሚሮጠውም ቀላል አልነበረም። አያቴ ሦስት ቋንቋ ሳይማሩ ያውቃሉ፤ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ በዓረብኛ ይቆጥራሉ፣ በአማርኛ ይጸልያሉ። አኙዋክኛም ለመግባቢያ ያህል አያጡም ነበር። የወደቡ ቤተሰቦች የምላቸው እንደዚህ ያሉትን ነው። አባቱ ግሪክ እናቱ የአገር ልጅ የሆነች፣ ወይም ከካርቱም መጥቶ የቀረ ጸሐፊ የወለዳቸው፣ ወይም ታንኳ ቀዛፊ ሆኖ መርከቧን በጥልቁ መስመር መርቶ የሚያስገባ አኙዋክ ያሳደጋቸው። ልጅ ልጆቻቸው አሁንም ከተማዋ ውስጥ አሉ። አዲስ አበባ፣ ካርቱም፣ አቴንስ የገቡም አሉ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጣቢያው በእንግሊዝ እጅ ስለነበር መጀመሪያ አልነካውም። በ1932 ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲገባ ግን ጋምቤላን ያዘ። ብዙም አልቆየባት። መጋቢት 1933 ላይ የንጉሡ የአፍሪካ ጠመንጃዎች የሚባለው የእንግሊዝ ጦርና ከቤልጅየም ኮንጎ የመጡ ወታደሮች አስለቀቋት። ኮንጎዎቹ ከዚያ ወደ ሳዮ ወጡ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ ጄኔራል ጋዜራ እጁን የሰጠው ለእነሱ ነው። በዚህ ዘመቻ የሞቱት የኮንጎ ወታደሮች ከአገራቸው ተነስተው በምን መንገድ እዚህ እንደደረሱ ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

ከነፃነት በኋላ ወደቡ ለጥቂት ዓመታት ሠራ። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ጣሊያን የጀመራቸው የመኪና መንገዶች የምዕራቡን ቡና ወደ አዲስ አበባ ጎተቱት። ሱዳን በ1948 (እ.ኤ.አ. 1956) ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ፤ ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነሳ። መርከቧ እየራቀች፣ እየራቀች ቀረች።

አሁን ወደ ቤቶቹ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከወር 100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። የነጋዴው መኖሪያ የቀበሌ ቤት ሆነ፤ መጋዘኑ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ማከማቻ። አንዱ ሰፊ ሳሎን በኮምፖንሳቶ ተከፍሎ ለሦስት ቤተሰብ ተዳረሰ። ተከራዩ ጣሪያው ቢያፈስ ያለ ፈቃድ አይጠግንም። ቀበሌው በጀት የለውም። እንደዚያ ሆኖ 50 ዓመት አለፈ። ቤቱ ሰው ስለኖረበት ቆመ፤ ሰው ስለበዛበትም አረጀ። ተከራዮቹን የምወቅስበት አንዳችም ነገር የለኝም። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የምንመዘግበው ግድግዳ አይኖርም ነበር።

ከእነዚህ አንዱን ሰሞኑን ገብቼ አይቻለሁ። ባለቤቷ፣ ማለትም ተከራይዋ፣ ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። በረንዳው ቤቱን ሙሉ ዙሮታል፤ ሙቀቱን የሚሰብረው እሱ ነው። የግድግዳው ውፍረት ክንድ ያህላል። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ከውጭ የእንጨት መዝጊያ፣ ከውስጥ ለወባ ትንኝ የተወጠረ ሽቦ ወንፊት አለው። ሽቦው ተበሳስቶ በአጎበር ቁራጭ ተጥፏል። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ትኩሱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ባለው ክፍተት ያመልጣል። እኛ ዛሬ በብሎኬት ሠርተን፣ ጣሪያውን ዝቅ አድርገን፣ 40 ዲግሪ ላይ በቬንትሌተር የምንታገለውን እነዚያ ሰዎች ያለ መብራት ፈትተውት ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ግንዱ ለሁለት ሰው አይታቀፍም። የበሩ መቃን ላይ፣ ቀለሙ በተላጠበት በኩል፣ በእርሳስ የተጻፉ የዓረብኛ ቁጥሮች ይታያሉ። የከረጢት ቆጠራ ይመስለኛል። ሴትዮዋ «ልጆቹ እንዳይፍቁት እጠብቃለሁ» አለችኝ። ማንም አልነገራትም፤ በራሷ ነው።

ስለዚያው ቤት ፋይል ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የተቀበለኝ ልጅ ጨዋ ነው። ኮምፒውተሩን አየ፣ መደርደሪያውን አየ፣ ከዚያ «ይሄ ቤት ቁጥር እንጂ ታሪክ የለውም» አለኝ። አልተቆጣሁም። ልክ ነው፣ ማንም አልጻፈለትም።

የምፈራውን በግልጽ ልናገር። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። ልማቱን አልቃወምም። ባሮ ዳር ንጹሕ መሄጃ፣ መብራት፣ ወንበር ቢኖር የመጀመሪያው ተጠቃሚ እኔ ነኝ። ግን ለወንዝ ዳር ልማት ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ወንዝ ዳር ያለው ነው፤ የወደቡ ቤቶች ደግሞ በተፈጥሯቸው ወንዝ ዳር ናቸው። ፒያሳ ላይ በ2016 የሆነውን አይተናል። አንድ ሰፈር በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሲሆን «ይሄ እኮ ቅርስ ነበር» የሚለው ሰው የሚበዛው ፍርስራሹ ከተጫነ በኋላ ነው።

ሕጉ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ተመዝግቦ ያለን ቅርስ ያለ ፈቃድ መለወጥና ማፍረስን ይከለክላል። ችግሩ ያልተመዘገበውን ማን ያስጥለዋል የሚለው ነው። ዶዘር ነጂው ዝርዝር ይጠይቃል፤ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ይገፋል።

ስለዚህ የምለምነው መጀመሪያ ዝርዝር ነው። ለሙዚየም በጀት፣ ለውጭ አማካሪ፣ ለጥናት ጉባኤ አላልኩም። ሁለት ባለሙያ፣ አንድ ፎቶ ካሜራ፣ አንድ ሜትር፣ ጥቂት ሳምንት። ከጀጀቤ መገናኛ ጀምሮ ወንዙን ይዞ ቤት ለቤት መሄድ ነው። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉት፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን ሲሉ እሰማለሁ። ምዝገባው እስኪያልቅ ድረስ በዚያ መስመር ላይ የማፍረስ ፈቃድ ይቆይ። የከተማው አስተዳደር ይህን ለማድረግ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም።

ከቤቶቹ እኩል የሚያሳስበኝ ሰዎቹ ናቸው። መርከብ ሲገባ ያዩ፣ ጭነት ያወረዱ፣ ለመርከበኛ ምግብ የሸጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጥቂት ቀርተዋል። በአማርኛ ብቻ አትጠይቋቸው። አኙዋኩ በአኙዋክኛ፣ ኑዌሩ በኑዌርኛ፣ የጎሬውና የደምቢዶሎው ሰው በኦሮምኛ ይናገር። በስልክ መቅዳት በቂ ነው። ዱራም በሚባል የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ቤተ መዛግብት አለ፤ የዚያ ዘመን ሹማምንት ወረቀትና ፎቶ የተከማቸበት ነው። ቅጂ መጠየቅ ይቻላል። ግን እዚያ የምናገኘው ሹሙ ያየውን ነው። ተሸካሚው ያየውን ለማግኘት ሌላ ቤተ መዛግብት የለንም፤ ሰውዬው ራሱ ነው።

«የቅኝ ገዢ መጋዘን ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ፊት ለፊትም ተብያለሁ። መልሴ ይሄ ነው። ለገሃርን የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ ማንም ለገሃር የእኛ አይደለም አይልም። የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ የገባው የጋምቤላ ውል በተፈረመበት በዚያው በፈረንጆቹ 1902 ነው። ምኒልክ በአንድ እጃቸው ወደ ጅቡቲ፣ በሌላው ወደ ካርቱም በር ከፈቱ። አንዱ በር ጣቢያው፣ ፉርጎው፣ ትዝታው ሳይቀር ተጠብቆለታል። ሌላው በር ስሙም ጠፍቷል። ካርቱም ውስጥ እንኳን «መሊክ» የምትባል በ1896 (እ.ኤ.አ.) ለንደን የተሠራች የጦር መርከብ፣ በካረሪ (በኦምዱርማን) ጦርነት ሱዳናውያንን ራሳቸውን የደበደበች፣ ለአሥርት ዓመታት የጀልባ ክለብ ቤት ሆና ቆይታለች። የእኛ መጋዘን ጥፋቱ ቡና ማስቀመጡ ብቻ ነው።

ቢሮው ስንት ጣጣ እንዳለበት አላጣሁትም። ክልሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ተሸክሟል። ባሮ ሲሞላ ቤት ይወስዳል። የጸጥታው ነገር አለ። በዚህ መሀል ስለ አሮጌ ቤት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ያም ሆኖ ዝርዝር ማውጣት ገንዘብ አያስወጣም፤ ክረምቱ ግን አይጠብቅም። የጭቃ ምርጊቱ በየዓመቱ ይወርዳል፣ ቆርቆሮው በነፋስ ይነሳል።

ለነዋሪው ደግሞ አንድ ቃል። ቤታችሁ ውስጥ የወደብ ፎቶ፣ የጉምሩክ ደረሰኝ፣ የአያት የሥራ ወረቀት ካለ አትጣሉት፣ ለአሮጌ ዕቃ ገዢም አትሽጡት። ፎቶ አንሡትና ቅጂውን ለባህል ቢሮው ስጡ፤ ዋናው እናንተው ጋ ይቆይ። ቢሮውም ሲቀበል ስም ጽፎ፣ ፈርሞ ይቀበል። ሰው ወረቀቱን የሚደብቀው ተወስዶ እንዳይቀር ብሎ ነው።

የበሩ መቃን ላይ ቁጥር ያለበትን ቤት ለባለሙያዎቻችሁ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። ተከራይዋን አስፈቅጃለሁ። ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ትገኛለች፤ ጠዋት ገበያ ናት።

ከሰላምታ ጋር፣
የሚዛን ሠራተኛው የልጅ ልጅ፣ ጋምቤላ